በጾም የተቀዳ ድምፅ

ደባርቅ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቃለ አብ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? የደረስጌዋ እመቤት በሰው አገር ከፊትም ከኋላም ትቁምልህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ልልህ ነበር፤ ጾም ላይ ውሸት ይሆንብኛል። የስልክ መስመሩ ከጠፋ ከርሟል። ይህን ወረቀት የሺዋስ፣ ገበያው ዳር ራዲዮ የሚጠግነው፣ ጎንደር ሲወርድ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል። የአንተንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ስለዚህ መልሴ ከዘገየ ተቀየመች አትበል፤ የሺዋስ መንገድ አጥቶ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። የደረስጌ ተወላጆች እድራችን ሁለት የመገናኛ ራዲዮ ገዝቶ የለ? አንዱ እኔ ቤት ነው፣ ጓዳዬ በር አጠገብ። ሌላው ደረስጌ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ክፍል ነው፤ የቄስ ይግዛው ልጅ እስከዳር ትይዘዋለች። ሰው ሲሞት ለመርዶ፣ ሰው ሲታመም የእድሩን መኪና ለመጥራት ብለን ነው። በወጉ ይሠራ ነበር። አሁን የእስከዳር ባትሪ አረጀ። ጭጋጉ ሲወርድ ደግሞ ሶላሩ ምንም አይሰበስብም። ሁለት ቃል ተናግራ ጥፍት! ጀርባው እንዴት እንደሚግል ብታይ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ቆሎ ልቁላ እንዴ?» ትለኛለች፤ ታውቃት የለ፣ ጨዋታዋ አያልቅ።

ያኔ የምትማረውን ስትነግረኝ «እሺ እሺ» አልኩህ እንጂ አንዲት ነገር አልገባኝም። የዚሁ የራዲዮ ነገር ከሆነ እስቲ አሁን አስረዳኝ። ባትሪውን የሚበላው ምንድን ነው?

አባትህ ወንድም ጋሼ ደህና ናቸው። ድጓ ቤቱን ትተህ ከወጣህ ወዲህ ስምህን አንሥተው አያውቁም፤ ይኸን አልደብቅህም። ግን ባለፈው በራዲዮ «ያ ልጅ ይጾማል?» አሉኝ። «የቱ ልጅ?» አልኳቸው ሆን ብዬ። ጸጥ አለ። ባትሪው አለቀ ብዬ ልዘጋው ስል እንደገና ሳሉ። ለካ ባትሪው አይደለም፤ ዝም ያሉት እሳቸው ናቸው።

ትጾማለህ? መልሱን ላድርስ።

አክስትህ የትናየት


ኦሉ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ የትናየት፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፊንላንድ በረዶው ገና አልለቀቀም። እጾማለሁ በሏቸው። አንድ ቀን ረስቼ ወተት ያለበት ቡና ጠጥቻለሁ፤ እሱን ግን አይንገሩብኝ።

የሚግለው የኃይል ማጉያው ነው። የእስከዳርን ድምፅ አበርትቶ ወደ አንቴናው የሚሰደው ክፍል ማለት ነው። እስከዳር ብታንሾካሹክም ብትጮህም ከባትሪው የሚደርሰው ቮልት ያው ሙሉ ነው። ማጉያው ያልተጠቀመበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ተጭናም ባዶዋን ሄዳም እኩል ገብስ የምትበላ በቅሎ አድርገው ያስቡት። የእኔ ጥናት፣ ቮልቱ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረግ ነው። ድምፁ ዝግ ሲል ጥቂት፣ ከፍ ሲል ብዙ። ጭንቁ መዘግየት ነው። ኃይሉ ከድምፁ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ለዐይን ጥቅሻ እንኳ ቢሆን፣ ድምፁ ይቆረጣል።

እስካሁን የምሠራው በኮምፒውተር እያስመሰልኩ ነው። የማጉያውን ጠባይ ለኮምፒውተሩ አስተምሬ፣ ድምፅ አስገብቼ፣ ምን ያህል እንደሚበላ አያለሁ። የእስከዳርን የመሰለ ራዲዮም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አግኝቻለሁ። ለዚያ የምትስማማ፣ ቮልቱን የምትቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ልሠራ እችላለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እዚህ ያለኝ የሙከራ ድምፅ የፈረንጅ ነው። የእኛ አገር ሰው ድምፅ፣ ረዘም ያለ፣ ቢቀዱልኝ። የኔታ ቢፈቅዱ የእሳቸውን። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ተማሪ ነው ያሳደጉኝና፣ «አባቴ» ማለት ዛሬም አፌ ላይ ይከብደኛል።

የእርስዎው ቃለ አብ


ደባርቅ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃለ አብ፣

እንዴት ከረምክ፣ የኔ ጌታ? የጾሙን ጉልበት ይስጥህ፤ ወተቱን እኔም አላየሁ፣ አንተም አልጻፍክ።

ስለ በቅሎዋ የጻፍከውን ለየሺዋስ አነበብኩለት። «እድሩም እንደዚያው ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረ ሊቀ መንበሩ ይበላሉ» አለ። እንዳትደግመው።

ለደብረ ዘይት ደረስጌ ወጥቼ ነበር። መኪናው እስኪደርስ አጥንቴ ተበታተነ። ወንድም ጋሼ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ወንድም ጋሼ፣ ድምፅዎን ልቅዳ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ለራዲዮው ባትሪ።»

«ድምፄ ባትሪ ይሞላል?» አሉ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ልጅዎ ነው የጠየቀው» አልኳቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና፣ «እንግዲያው ስልክሽን ቅርብ አድርጊው፤ አልጮህም፣ ጾም ነው» አሉ። ጾመ ድጓውን ዝግ አድርገው አዜሙ። ከበሮና ጸናጽል በጾም እንደማይነካ ታውቃለህ፤ እግራቸውና መቋሚያቸው ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ስለ ገብሱ፣ ስለ ተማሪዎቹ ስንፍና፣ ስለ ሁሉም አወሩ። አንዱንም ሳላስቀር ቀዳሁልህ። የሺዋስ ጎንደር ሲገባ ይልከዋል።

መሃል መሃሉ ላይ ሳል አለች። አቧራ ነው ብለዋል። እሷን ቁረጣት።

እኔ ራሴ በጾም ድምፄ ያንሳል። ነፍሱን ይማርና ባሌ «ሁለት ወር አረፍኩ» ይል ነበር።

አክስትህ የትናየት


ኦሉ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። የፈሰኩት ብርሃኔ የምትባል የዳባት ልጅ ቤት ነው። ከእኔ በቀር ለበዓል የምትጠራው ሰው የላትም፤ እኔም ከእሷ በቀር የሚጠራኝ የለም።

ተሳካ። የኔታን ድምፅ አስገብቼ ስሞክር ሙቀቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ቦርዷ ቮልቱን መቼ ከፍ መቼ ዝቅ እንደምታደርግ የተማረችው ከእሳቸው ብቻ ነው። የፈረንጁን ድምፅ ጣልኩት። መከላከያም ሠርቼላታለሁ፤ ከለመደችው ልክ ያለፈ ነገር ከመጣ ማጉያው እንዳይቃጠል ለጊዜው ትዘጋዋለች።

ሳሉን አልቆረጥኩትም። ስሠራ ስለምሰማቸው ነው። እዚህ ቤት ስገባ የሚናገር ሰው የለም፤ አሁን እሳቸው ስለ ገብስ ያወራሉ። አቧራ ነው ያሉትን ግን ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል።

ቦርዷን የብርሃኔ ዘመድ ይዞ ይመጣል። የሺዋስ እንዲገጥማት በሥዕል አድርጌ ጽፌለታለሁ። ስለ እኔ ያሉት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ከሌለም ይጻፉልኝ።

ቃለ አብ


ደባርቅ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃለ አብ፣

እጅህ ይባረክ! የነካኸው ሁሉ ይለምልም! ቦርዷ ገባች። የሺዋስ ደረስጌ ድረስ ሄዶ ገጠማት። «ይቺማ ጾመኛ ናት፤ ቀምሳ ነው የምትነሣ» አለ። እውነቱን ነው። ጭጋግ በጭጋግ ሆኖ እንኳ እስከዳር እንደ ልቧ ታወራኛለች። ጀርባው ለብ ከማለት አያልፍም። ቆሎው ቀረባት እንጂ!

አሁን እኔም ብልጥ ሆኛለሁ። ወሬ ስታበዛ «እስከዳር፣ ባትሪ!» እላታለሁ። ወዲያው ትዘጋለች። አንተ የለፋህበትን እኛ በወሬ ልንጨርሰው?

የጠየቅኸኝን ልንገርህ። ወንድም ጋሼ ሰንበት ዕለት ወደ ራዲዮው መጡ። እስከዳር ደግፋ ነው ያመጣቻቸው፤ ጭቃው ስለሚያዳልጥ ነው። «ለልጁ ንገሪው፤ ዕቃው መልካም ነው» አሉ። «ልጁ ስም የለውም?» አልኳቸው። «ቃለ አብ» አሉ። በዝግታ ነው ያሉት፤ ግን እንዲያው ጆሮዬ ሥር ያሉ ነው የሚመስለው።

ድምፃቸው ትንሽ ቀጥኗል። ክረምቱ ነው። ሐኪሙን «ከመስቀል በኋላ» ብለዋል።

አክስትህ የትናየት


ኦሉ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የትናየት፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህ እንደደረሰዎ የሺዋስ ደረስጌ ሄዶ ቦርዷን ያውጣ። ነገ ዛሬ አይበል።

ብርሃኔ ልጇ ወደ ወንዙ ዳር ሲሮጥ ጮኻ ጠራችው። ያን ጊዜ ለሌላ ሥራ ድምፅ እየቀዳሁ ነበር። ጩኸቷን ወደ ኮምፒውተሩ ሳስገባው ማጉያው ጸጥ አለ። ደጋገምኩት፤ ጸጥ። ዝግ ያለውን ሁሉ ታሳልፋለች፤ ጩኸት ሲመጣ ግን አደጋ ነው ብላ ትዘጋለች። የኔታ በጾም አልጮኹም። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። ቦርዷ ሰው እንዲህ ድምፁን እንደሚያነሣ አታውቅም። እርስዎ «ጾም ነው» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እዚያው ያደግሁ እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

እስክትወጣ እስከዳር ቀስ ብላ ትናገር። የደነገጠ ሰው ራዲዮውን አይንካው።

ከዚያ በኋላ ከተቻለዎ ከፍ ያለ ድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ። ሰው አንጀቱ እስኪወጣ የሚጮኸውን። ሌላ ቦርድ እሠራለሁ።

ቃለ አብ


ደባርቅ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃለ አብ፣

ደብዳቤህ ሐምሌ 19 ደረሰኝ። ቦርዷ ወጥታለች። ደብዳቤው የዘገየው መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ስለነበር ነው። ክረምቱ ከብዶናል። ያቺ ብርሃኔ ያልካት ልጅ፣ ዳባት ያሉት እናቷ ማን ይባላሉ? ሰፈራቸውስ የት ነው?

እግዚአብሔር ያበርታህ።

የትናየት


ኦሉ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

ደብዳቤዎ አጠረብኝ። እርስዎ ስለ ዶሮ እንኳ አንድ ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት።

የብርሃኔ እናት ወይዘሮ መስከረም ይባላሉ፤ ዳባት ገበያ ዳር፣ ጨው የሚሸጡት። ለምን እንደፈለጓቸው አልጠይቅም።

ቦርዷ ከመውጣቷ በፊት የጮኸባት ሰው ነበር? የኔታስ እንዴት ናቸው? ስማቸውን ሳይጽፉ የላኩልኝ ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቃለ አብ


ደባርቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማላውቅሽ ልጄ ለብርሃኔ፣

እኔ የቃለ አብ አክስት የትናየት ነኝ። እናትሽን ዳባት ሄጄ አግኝቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው፤ ጨው ሸጠው ሲመለሱ ነው የደረስኩባቸው፤ አብረን አለቀስን። ይህ በእሳቸው በኩል ይደርስሻል።

የቃለ አብ አባት መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሐምሌ 2 ቀን ዐርፈዋል። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ እናትሽ ያሳደጉሽ ልጅ ነሽና ይህን ላንቺ አልነግርሽም። እዚያ ሌላ ዘመድ የለውም። በማለዳ፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ድረሺበት። ብቻሽን አትሂጂ። ሐበሻ ካላገኘሽ አብሮት የሚሠራ ፈረንጅም ይሁን፤ ሰው ሰው ነው። በር ላይ ከጠየቀሽ አትመልሺ፤ ግቢና አስቀምጪው። እህል ይዘሽ ሂጂ። ለብቻው አትተዪው፣ ቢያንስ እስከ ሣልስቱ።

የታጠፈው ወረቀትና የተቀዳው ድምፅ የእሱ ነው። አልቅሶ ሲወጣለት ስጪው፤ ከዚያ በፊት አይሁን።

እኔ ላደርገው የሚገባኝን ነው የማሸክምሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

የትናየት


ደባርቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቃለ አብ፣

ይህን ስታነብ ሰምተሃል ማለት ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ። ነፍሳቸውን በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልን።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። የጮኸባት ሰው ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር። ራዲዮው ቅርር አለ። «እስከዳር?» ብል «እ...» አለና ጠፋ። ደግሞ ቅርር አለ፣ ጠፋ። ፀሐይ ካየን ሳምንት አልፎ ነበር። ባትሪው ነዋ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ እየደጋገመች ሞከረች። እኔም እንደ ልማዴ «እስከዳር፣ ባትሪሽ አልቋል። ዝጊውና ይሙላ፤ ነገ እንነጋገራለን» አልኳት። እሷ እኔን ትሰማኛለች፤ እኔ ነኝ እሷን የማልሰማት። እሺ ብላ ዘጋችው። ታዛዥ ልጅ ናት።

ወንድም ጋሼ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ የእድሩ መኪና ይውጣ ብላ ነበር የምትጮኸው። መኪናው ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ቢወጣ ይደርስ ነበር ወይ፣ ቢደርስስ ይተርፉ ነበር ወይ፣ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ይነጋል።

በማግስቱ እስከዳር ከፈተችው። ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ሹክ እንደማለት ነው የተናገረችው። ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እያንዳንዱ ቃል።

እድሩ ቦርዷ ትውጣ ሲል አንተ ጉድለቷን እንዳወቅህ ገና አልሰማንም ነበር። የሺዋስ ግን ወዲያው ገብቶታል፤ በራዲዮው ላይ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ደብዳቤህ ሲደርስ አነበብኩትና አጠፍኩት። ምን ብዬ ልመልስ? ዋሽቼሃለሁ አልልም፤ አጭር ነው የጻፍኩልህ።

ራዲዮው አሁን እንደ ድሮው ነው። ይግላል፣ ቶሎ ይሞታል። እስከዳር ስለ ቆሎው አታነሣም። ሰው ግን መታመሙን አልተወም፤ የደረስጌው የቻላቸው ሚስት ወሯ ገብቷል፤ ጭጋጉም አለ። እድሩ «የፈረንጅ ዕቃ ሁለተኛ አንፈልግም» ብሏል። እኔ ተነሥቼ «የፈረንጅ አይደለም፣ የመሪጌታ ልጅ ነው የሠራው» አልኳቸው። 

ከፍ ያለ ድምፅ ብለኸኝ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ዘመዶቻችን ከድብ ባሕር ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ገና ዳገቱ ላይ ሳሉ ጀመሩት፤ እኛም ከዚህ ተቀበልን። ስልኬን ጉያዬ ውስጥ ከፍቼ ነበር። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከመሃል የሚሰማህ የአንጀት ጩኸት የእኔ ነው።

ይኸውልህ።

አክስትህ የትናየት


ኦሉ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የትናየት፣

ብርሃኔ በማለዳ መጣች። ከላብራቶሪ አንድ ሽማግሌ ፊንላንዳዊ ይዛ ነበር። አማርኛ አይችልም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። እንዳሉት ነው ያደረገችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድምፁን ብዙ ቀን መክፈት አልቻልኩም። በኋላ ሳልሰማው ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት። እዚያ ድምፅ መስመር ብቻ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ለሥራው መስመሩ ይበቃል። ለቅሷችሁ እንዴት ከፍ እንደሚል በዐይኔ አየሁት። የኔታ በጾም ያዜሙት ከሥሩ ሲቀመጥ ሜዳ ነው የሚመስለው።

ቦርዷን እንደገና ሠራኋት። ከሁለቱም ተምራለች፤ ከእሳቸውም ከእናንተም። ከልክ ያለፈ ሲመጣ አትዘጋም፤ ሙሉውን ኃይል ትሰጣለች፣ ቢግልም ይጋል። ከቀድሞዋ ትንሽ አብልጣ ትበላለች፤ ትብላ።

ቦርዷን ስጨርስ ድምፁን ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የእርስዎንም ለየሁት።

እድሩ እንዲቀበላት ማስገደድ አልችልም። ቦርዷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትደርሳለች። ከተቀበሉ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የሺዋስ ከገጠማት በኋላ የምትሞክራት እስከዳር ትሁን። ሌላ ሰው አይሁን። በሙሉ ድምፅዋ፣ ሐምሌ 2 ቀን ያለችውን ትበል። እርስዎም ራዲዮው አጠገብ ይቀመጡና፣ ባትሪ ሳይሉ፣ እስከ መጨረሻው ይስሟት።

ልጅዎ ቃለ አብ ሀብተ ሚካኤል